ደወሉን ማን ይሞክረዋል? ከጋይንቷ ቤተልሔም እስከ ሸማ ተራ

እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓክንሃም የተባለ ወጣት ተጓዥ በበቅሎ ጋይንት ገባ። በኋላ ስመ ጥር የታሪክ ጸሐፊ የሆነው ይህ ሰው ቤተልሔም ወደምትባለው ደብር ሲደርስ ከውጭ ያየው፣ እንደ ብዙዎቹ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት፣ ክብና ጣሪያው በሣር የተከደነ ሕንፃ ነበር። ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ግን በሣር ክዳኑ ሥር በድንጋይ የታነጸ፣ ባለ አራት ማዕዘን የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ቆሞ አገኘ። ጉዞውን በጻፈበት መጽሐፍ ቤተልሔም በውጭ አንባቢዎች ዘንድ ታወቀች።

ለጋይንት ሰው ቤተልሔም አዲስ ግኝት አልነበረችም። የድጓ ምስክር ቤት ናት። ከየአገሩ የመጣ የዜማ ተማሪ ድጓውን የሚያስመሰክረው እዚያ ነው።

ይህን ደብር ከእሳት አንጻር ለሚያየው ሰው ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል። የሣር ክዳን ደረቅ ማገዶ ነው። በዚያ ክዳን ሥር ጧፍ ይበራል፤ ቅዳሴ በተቀደሰ ቁጥር ፍም የያዘ ጽና ይገባል። የቆሎ ተማሪው ጎጆም ሣር ነው፤ በየጎጆው እሳት ይነድዳል። በመላ አገሪቱ እንዲህ ያሉ ደብሮች አንዳንዶቹ ተቃጥለዋል። ብዙዎቹ ግን ከነመጻሕፍታቸው ለዘመናት ቆይተዋል። ያለ ማሽን፣ ያለ መብራት፣ ያለ ቧንቧ ውኃ እንዴት ቆዩ?

፩. ዝም የማይል ደወል

መልሱ ጥበቃው የሰው ሥራ ስለነበረ ነው። በየደብሩ ለመሥዋዕት የሚሆነው ኅብስት የሚጋገረው በቤተ መቅደሱ ውስጥ አይደለም፤ ተለይታ በምትሠራ ትንሽ ቤት ውስጥ ነው። የዚያች ቤት ስምም ቤተልሔም ነው። ሥርዓቱ የመጣው ከእምነት ነው፤ ነገር ግን ምድጃው ከሣር ክዳኑ እንዲርቅ አድርጓል። መጻሕፍቱና ንዋያተ ቅድሳቱ በብዙ ደብሮች ለብቻው በሚሠራ ዕቃ ቤት ይቀመጣሉ። አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል። ንብረቱን በኃላፊነት የሚይዝ፣ ቁልፉ በእጁ ያለ፣ ሕዝቡ በስም የሚያውቀው ሰው አለ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደወል አለ። ያለ ሰዓቱ በሌሊት የተደወለ ደወል ምን ማለት እንደሆነ ለአገሬው ማስረዳት አያስፈልግም። ኡኡታው ከመንደር መንደር ይተላለፋል፤ ሴቱ እንስራውን፣ ወንዱ አካፋውንና እርጥብ ቅጠሉን ይዞ ይወጣል።

የዚህ ደወል ትልቁ ጥቅም ብዙ ጊዜ የማይስተዋል ነው። ደወሉ ለእሳት ብቻ የተቀመጠ አይደለም፤ ለቅዳሴ፣ ለሰዓታት፣ ለሐዘን ይደወላል። ስለዚህ ገመዱ ቢበጠስ ወይም ቢሰነጠቅ በዚያው ዕለት ይታወቃል። አገልግሎቱ ራሱ ፍተሻ ነው።

ዛሬ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የእሳት ማስጠንቀቂያ ደወል ግን በተፈጥሮው ዝምተኛ ነው። ለአሥር ዓመት ዝም ብሎ በአሥራ አንደኛው ዓመት አንድ ሌሊት እንዲጮህ ይጠበቅበታል። ዝምታው የጤና ይሁን የሞት፣ ካልተሞከረ ማንም አያውቅም። የዘመኑ የእሳት ጥበቃ ታሪክ፣ በኢትዮጵያም በዓለምም፣ በአብዛኛው የዚህ ዝምታ ታሪክ ነው።

፪. ሣሩ በቆርቆሮ ሲተካ

እሳት የኢትዮጵያን ከተሞች ደጋግሞ ፈትኗል። የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ መጀመሪያ ክብ ሆኖ ነበር የተሠራው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መብረቅ መትቶ አቃጠለው። ዛሬ ጎብኚ የሚያየው ባለ አራት ማዕዘን ሕንፃ ከዚያ በኋላ የቆመው ነው። አዲስ አበባም ገና ስትመሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ1892፣ የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ተቃጥሎ እንደገና ተሠርቷል።

ለእነዚህ ቃጠሎዎች የተሰጠው ምላሽ የግንባታ ዕቃን መለወጥ ነበር። ድንጋይ፣ ቀጥሎ ቆርቆሮ፣ ቀጥሎ ብሎኬትና ኮንክሪት መጣ። ለውጡ ትልቅ ነበር፤ ከጎረቤት ጎጆ በነፋስ የመጣ ፍንጣሪ ቆርቆሮ አያቀጣጥልም። ነገር ግን ከቆርቆሮው ጋር አንድ እምነት አብሮ ገባ፦ «ብሎኬት አይቃጠልም» የሚል።

ብሎኬቱ አይቃጠልም፤ የሚቃጠለው ውስጡ ያለው ነው። ኮርኒሱ፣ መጋረጃው፣ ስፖንጁ፣ የፋይል ክምሩ፣ አልጋው፣ ካርቶኑ። ሽቦም መጣ፤ ለአንድ አምፖል በተዘረጋ ሽቦ ላይ ምድጃ፣ ኮምፒውተርና ፎቶ ኮፒ ማሽን ተጨመረበት። ኮንክሪት ሕንፃ ከጎጆ የሚብስበት ነገርም አለ። ጎጆ ሲቃጠል ጭሱ በክዳኑ በኩል ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ኮንክሪት ቤት ግን ጭሱን ይዞ ያስቀራል። በእሳት አደጋ ብዙውን ጊዜ ሰው የሚሞተው ነበልባሉ ሳይደርስበት በጭሱ ታፍኖ ነው።

የቅርብ ዘመን ትዝታዎችም አሉ። በምኒልክ ዘመን የተሠራውና በአገሪቱ የመጀመሪያው ሆቴል የሚባለው ጣይቱ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሳት ተያዘ። በግቢው የነበረው የጃዝ ሙዚቃ አዳራሽ ጃዛምባ ወደመ፤ ለብዙዎች የአዲስ አበባ ትዝታ ግማሹ አብሮ የተቃጠለ ያህል ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት የብዙ ነጋዴዎችን የዕድሜ ልክ ጥሪት በአንድ ሌሊት በላ። የከተማዋ ባለ ሥልጣናት በወቅቱ የጠቀሱት አንዱ ችግር የመንገዱ ጥበት ነበር፤ መኪናው እሳቱ ድረስ ለመግባት ተቸገረ። 939 ብሎ ደውሎ የእሳት አደጋ ሠራተኛ መጥራት በሚቻልበት ከተማ ይህ ከሆነ፣ መኪናው ከሌላ ከተማ የሚጠበቅበት የወረዳ ከተማ ምን ይሁን?

፫. ጣሪያ ላይ የተቀመጠው ውኃ

«መኪናው እስኪደርስ ምን ይደረግ?» የሚለው ጥያቄ ነው ስፕሪንክለርን የወለደው። ሄንሪ ፓርማሊ የተባለ አሜሪካዊ የፒያኖ ፋብሪካውን ከእሳት ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1874 በጣሪያ በኩል በተዘረጋ ቧንቧ ላይ በሙቀት ራሱን የሚከፍት የውኃ መርጫ ሠራ። በ1881 ፍሬድሪክ ግሪኔል አሻሻለው። አሠራሩ እስከ ዛሬ በመሠረቱ አልተለወጠም። በብዛት በሚታየው ዓይነት፣ መርጫው አፍ ላይ ፈሳሽ የያዘች ትንሽ ብርጭቆ ትቀመጣለች። ዙሪያዋ ያለው ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ 68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ትሰበራለች፤ ውኃውም ይለቀቃል። በፊልም እንደሚታየው ሁሉም በአንድ ጊዜ አይከፈትም። የሚከፈተው ከእሳቱ በላይ ያለው ብቻ ነው።

ሕጉ ግን ከፈጠራው ዘግይቶ መጣ፤ የመጣውም በሬሳ ላይ ተረማምዶ ነው። በታኅሣሥ 1903 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ከተማ ኢሮኮይ የተባለው ቲያትር ቤት ሲቃጠል ከ600 በላይ ሰው ሞተ። ቲያትር ቤቱ ከተከፈተ ገና ጥቂት ሳምንቱ ነበር፤ በማስታወቂያውም «ፈጽሞ አይቃጠልም» ተብሎለት ነበር። በሮቹ ብዙዎቹ ተቆልፈው ተገኙ። ዛሬ በየአዳራሹ የሚታየው፣ በደረት ሲገፉት የሚከፈተው የመውጫ በር ከዚያ እልቂት በኋላ የተስፋፋ ነው።

በኢትዮጵያ ለዓመታት ዋናው መነሻ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ነበር። አዋጁ በተለይ 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ያላቸውን ከተሞች ታሳቢ ያደረገ ነው። ሕንፃዎችን ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ በሦስት መደበ። ምድብ ሐ ውስጥ የገቡት ከ12 ሜትር በላይ የሆኑት ረጃጅም ሕንፃዎች ብቻ አልነበሩም። የሕዝብ መገልገያና የተቋም ሕንፃ፣ ፋብሪካና ወርክሾፕም እዚያው ነበሩ። ይህ ትልቅ ነጥብ ነው። የወረዳ ፍርድ ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ፎቅ ባይኖረውም፣ ሕዝብ ስለሚገለገልበት ብቻ ጥብቅ ክትትል ከሚፈልጉት ጋር ተሰልፏል።

ስለዚህ ችግሩ ሕግ ማጣት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ችግሩ የሚጀምረው ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ነው።

፬. ከርክክብ በኋላ

አንድ የሕዝብ ሕንፃ ሲጠናቀቅ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል። በዚያ ቀን ደወሉ ይጮኻል፣ ፓምፑ ይነሣል፣ እሳት ማጥፊያው ቀይ ሆኖ ያብረቀርቃል። ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዓመት የጉድለት ማረሚያ ጊዜ አለ፤ ቀጥሎ የመጨረሻው ርክክብ። ተቋራጩ ሄደ፣ አማካሪው ሄደ፤ ሕንፃው ከነመሣሪያው ለባለቤቱ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሒደት በየቦታው ይመሳሰላል። ጭስ ጠቋሚው ውስጡ አቧራ ይገባል፤ አቧራውን ጭስ ነው ብሎ ይጮኻል። አንዴ፣ ሁለቴ ሠራተኛው ይወጣል፤ በሦስተኛው «ዝም በለው» ይባላል። አንድ ሰው መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ላይ ድምፁን ያጠፋል። ብልሽት እንዳለ የምትናገረው ቢጫ መብራት ግን አልጠፋችም። ለዓመታት ትበራለች፤ ሰውም የሕንፃው ጌጥ አድርጎ ይለምዳታል። መብራት ሲጠፋ ሥርዓቱን የሚያቆየው ባትሪ ዕድሜው ያልቃል። ማንም አይቀይረውም፤ ማለቁን የሚያውቅ የለምና።

የስፕሪንክለሩ ታሪክም እንደዚሁ ነው። አንድ ቦታ ያፈስሳል፤ የሚጠግን ሲጠፋ ዋናው ቫልቭ ይዘጋል። «ነገ ይሠራል» ተብሎ የተዘጋ ቫልቭ እንደተዘጋ ይቀራል። በአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት ጥበቃ ማኅበር ጥናቶች መሠረት፣ ስፕሪንክለር እያለ ሳይሠራ በቀረባቸው እሳቶች ከግማሽ በላይ ምክንያቱ ሥርዓቱ ተዘግቶ መገኘቱ ነው። በሀብታሙ አገር እንኳ ዋናው ጠላት መሣሪያ ማጣት ሳይሆን የተዘጋ ቫልቭ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ፦ ለእሳት የተጠራቀመው ውኃ ለሽንት ቤትና ለጽዳት ይቀዳል። ማንም በክፋት አላደረገውም፤ የዛሬው ችግር ከማይታየው የነገ እሳት ይበልጥ ስለሚጮህ ነው።

የበጀቱም አሠራር ለዚህ ያመቻቻል። መሣሪያው የሚገዛው በካፒታል በጀት ነው፤ ግንባታውም ገንዘቡም በአንድ ጊዜ ይመጣል። ጥገናው ግን ከመደበኛ በጀት የሚወጣ፣ በየዓመቱ ከነዳጅ፣ ከአበልና ከጽሕፈት መሣሪያ ጋር የሚሻማ ነው። ግዥ ይመረቃል፤ ጥገና አይመረቅም። ባትሪ ቀይሮ ፎቶ የተነሣ ኃላፊ የለም።

፭. በአንድ ሳምንት የተቃጠሉ ሁለት ሕንፃዎች

ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ለዚህ ጉዳይ ሁለት የማይረሱ ትምህርቶች ሰጥቷል።

ሚያዝያ 10 ቀን ከቴብል ማውንቴን ተነሥቶ የመጣ ሰደድ እሳት የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲን ጃገር ቤተ መጻሕፍት ያዘ። የንባብ አዳራሹ ወደመ፤ ስለ አፍሪካ የተሰበሰቡ ብርቅ መጻሕፍት አመድ ሆኑ። ነገር ግን የእሳት ጠቋሚው ሥርዓት ሠርቶ እሳት የሚከለክሉትን በሮች ዘጋ። በዚያም ምክንያት እሳቱ ወደ ሌሎቹ የቤተ መጻሕፍቱ ክፍሎች ሳይዛመት ቀረ። ጉዳቱ ከባድ ነበር፤ ሆኖም የተረፈው የተረፈው በዚያ ቀን ሥራቸውን በሠሩ በሮች ነው።

ከስድስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 16 ሌሊት፣ በባግዳድ ኢብን አል ኸጢብ ሆስፒታል የኮቪድ ሕሙማን በተኙበት ክፍል ኦክስጅን ፈነዳ። 82 ሰው ሞተ። የአገሪቱ የሲቪል መከላከያ እንዳስታወቀው ሆስፒታሉ የእሳት መከላከያ ሥርዓት አልነበረውም፤ ኮርኒሱም እሳቱን አዛመተው።

መሣሪያ መኖር ብቻውን ግን አያድንም። ሚያዝያ 7 ቀን 2011 ዓ.ም. በፓሪስ ኖትር ዳም ካቴድራል ሲቃጠል ማስጠንቀቂያው በሰዓቱ ጮኋል። ለማጣራት የተላከው ጥበቃ ግን የሄደው ወደተሳሳተ ሕንፃ ነበር። ግማሽ ሰዓት ገደማ ባከነ፤ እሳቱ ጣሪያው ውስጥ ሲበላ ቆየ። ነሐሴ 27 ቀን 2010 ዓ.ም. የብራዚል ብሔራዊ ሙዚየም ሲቃጠል ደግሞ እሳት አጥፊዎቹ ደርሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት የውኃ መቅጃዎች ሲከፍቱ ውኃ የለም። አንዱ ጋ ደወሉ ሠርቶ ሰው አልሠለጠነም፤ ሌላው ጋ ሰው ደርሶ ውኃ አልነበረም።

የቅርቡም አለ። ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. በቂሊንጦ ማረሚያ ቤት በተነሣው እሳት መንግሥት 23 ሰዎች መሞታቸውን አስታውቋል፤ 21ዱ የሞቱት በመታፈንና በመረጋገጥ እንደሆነም ገልጿል። በዚያው ሰሞን የደቡብ ጎንደር ዋና ከተማ የደብረ ታቦር ማረሚያ ቤትም እሳት ደርሶበት ነበር። የእሳቱን መነሻ በተመለከተ ብዙ ተብሏል። መነሻው ምንም ይሁን ምን ግን፣ በሩ በሌላ ሰው እጅ በተቆለፈበት ቤት ውስጥ ያለ ሰው በራሱ መሸሽ አይችልም። የታሰረ፣ አልጋ ላይ የተኛ፣ በአዳሪ ትምህርት ቤት ያደረ ሕፃን ሕይወቱ ያለው ደወሉን በሚሞክረውና ቁልፉን በያዘው ሰው እጅ ነው።

፮. የአርብ ገበያ ሰዓት

አርብ ገበያ የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እንደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከተሞች ሁሉ የሕዝቡ ሕይወት በጥቂት የሕዝብ ሕንፃዎች ዙሪያ ይሽከረከራል፤ ትምህርት ቤት፣ ጤና ተቋም፣ ፍርድ ቤት፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ የመሬት ይዞታ ጽሕፈት ቤት። የመጨረሻው በተለይ ይታሰብ። የገበሬው የይዞታ መዝገብ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ የተንጠለጠለ ሽቦ ሥር ሲቀመጥ፣ አንድ ሌሊት የሚነሣ እሳት ለሃያ ዓመት የማያልቅ የድንበር ክርክር ሊያወርስ ይችላል።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ አለ። ውኃና መብራት በየጊዜው በሚቋረጥበት ወረዳ ስለ ስፕሪንክለር ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ? ለብዙዎቹ ባለ አንድ ወለል ሕንፃዎች፣ አዎ፣ ነው። ማንም የማይጠግነው ውድ መሣሪያ ከመትከል በየሳምንቱ የሚሞከር የእጅ ደወል ይሻላል። ነገር ግን ክርክሩ ተገልብጦም ይሠራል። መሣሪያው ቀላል በሆነ ቁጥር ላለመጠገኑ የሚቀርበው ሰበብ ይቀንሳል። የእሳት ማጥፊያን መለኪያ አይቶ ቀስቱ አረንጓዴው ላይ መሆኑን ለማረጋገጥ ኢንጂነር አያስፈልግም። የዱቄት ማጥፊያውን ገልብጦ መነቅነቅ፣ የመውጫው በር ቁልፍ የት እንዳለ ማወቅ፣ በርሜሉ ውኃ መያዙን ማየት የአንድ ጥበቃ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው።

ትልልቅ ሕንፃዎችም እየመጡ ነው። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ላይ ጋይንት ነፋስ መውጫ ሲደርስ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። የተጎዳ ሲጠገን፣ አዲስ ሲሠራ፣ ደወልና ቧንቧ አብሮ ይተከላል። ያኔ በውሉ ላይ መጠየቅ ያለበት «ስንት ጠቋሚ ይገጠማል?» ብቻ አይደለም። «በሦስተኛው ዓመት ባትሪውን የሚቀይረው ማን ነው? ከየትኛው የበጀት መደብ?» የሚለውም ነው። መልስ ከሌለው፣ የተገዛው የእሳት ጥበቃ ሳይሆን የግድግዳ ጌጥ ነው።

ቤተልሔምን ያቆየው ሥርዓት ሦስት ነገር ነበረው፦ በስም የሚታወቅ ኃላፊ፣ በየጊዜው የሚደወል ደወል፣ ድምፁን ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሕዝብ። ሦስቱም ዛሬ ይቻላሉ። በብዙ አገር የሕዝብ ሕንፃዎች ደወል በሳምንት አንድ ቀን፣ በታወቀ ሰዓት ይሞከራል፤ ውጤቱ በመዝገብ ይጻፋል፤ የሞከረው ሰው ይፈርምበታል። ካልጮኸ በዚያው ሳምንት ይታወቃል እንጂ በእሳቱ ሌሊት አይደለም።

አርብ ገበያ ይህን ቀን መፈለግ አያስፈልጋትም፤ ስሟ ላይ ተጽፏል። አርብ ጠዋት፣ ገበያው ሳይሞላ፣ ባለ ጉዳይ ሳይገባ፣ አንድ በስም የታወቀ ሰው ደወሉን ይሞክር፣ በሩን ይክፈት፣ በርሜሉን ይይ፣ ደብተሩ ላይ ይፈርም። ወጪው አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ነው። የወረዳው ምክር ቤትም በዓመት አንድ ጊዜ ያንን ደብተር አስቀርቦ ሃምሳ ሁለቱን አርቦች ይቁጠር። ፊርማ የጎደለበት አርብ ካለ፣ የጥያቄው ሰዓት ያኔ ነው፤ ከእሳቱ በኋላ አይደለም።